ቤት ያለው ሰው ሆቴል ሲያድር

መታሰቢያ ለሁለት ሌሊት ዕረፍት ያወጣችውን ዕቅድ ለአንድ መካከለኛ ጦር ቢሰጡት ድንበር ተሻግሮ፣ ድል አድርጎ፣ ለእራት ይመለስበት ነበር። የምትሄደው ግን ሩቅ አይደለም። ከከተማው ዳር ካለው ሰፈሯ ከትሩጋኒና ተነስታ ሜልበርን መሃል ከተማ ነው፤ አንድ አውቶቡስ፣ አንድ ባቡር።

መጀመሪያ ሲድኒ ታስቦ ነበር። የአራት ሰው ቲኬት ዋጋ ስልኩ ላይ ብቅ ሲል ሲድኒ ራሷ አፍራ ጠፋች። ቀጥሎ ጎልድ ኮስት መጣ፤ «ስሙ ውስጥ ወርቅ ያለበት አገር እኛን አይመለከትም» ብላ ዘጋችው። በመጨረሻ የራሷን ከተማ ልትጎበኝ ወሰነች፤ ዓመታት ኖራበት ከባቡር መስኮት በቀር አላየችውምና። ከዚያ በኋላ የሚያቆማት ጠፋ። መሃል ከተማ ትራም በነፃ ነው፤ ዕቅዷ ላይ ያዘችው። ሙዚየሙ ልጆችን አያስከፍልም፤ ያዘችው። ቤተ መጻሕፍቱ፣ የወንዙ ዳር፣ መንገድ ላይ እሳት የሚውጠው ሰውዬ፣ ሁሉም በነፃ፤ ያዘቻቸው። ማደሪያውንም ወር ሙሉ ዋጋው ሲወጣ ሲወርድ እንደ ቡና ነጋዴ እያደባች ጠብቃ፣ ሲወድቅ አፈፍ አድርጋ ቡክ አደረገች። አንዲት ክፍል ናት፤ ማብሰያ አላት፤ ከሕንፃው ሥር ሙቅ የመዋኛ ገንዳ አለ። መስኮቷ የሚያየው ባለ ፎቅ መኪና ማቆሚያ ነው። ርካሽ የሆነችውም ለዚያ ነው፤ ልጆች ደግሞ መኪና ማየት ይወዳሉ።

ይህ ሁሉ ግን ለሙዚየም ተብሎ አልነበረም። የሰባት ዓመቷ ኑሀሚን ክፍል ውስጥ ቤተሰባችሁን ሣሉ ተባሉ። ኑሀሚን እናቷን ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሣለቻት፤ ታናሽ ወንድሟን ያቤጽን ጭንቅላቱን ብቻ፤ ራሷን ዘውድ ደፍታ። ከታች ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ሰማያዊ ተራራ ነበር። አስተማሪዋ «ይሄ የምን ተራራ ነው?» ብትላት «ዳዲ ነው፤ ከብርድ ልብሱ ሥር» አለቻት። አስተማሪዋ መታሰቢያን ከበር ላይ ወደ ጎን ጠርታ፣ በዚያ ፈረንጅ በሚችልበት ለስላሳ ድምፅ፣ አባትየው ታሞ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«የለም፤ ናይት ሺፍት ነው» አለች መታሰቢያ እየሳቀች። ሳቋ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አልደረሰም።

ባሏ ሩቤል አዲስ አበባ ሳለ የውሃ መሐንዲስ ነበር። እዚህ በሚስቱ ቪዛ መጥቶ፣ ትሩጋኒና ካሉት አውሮፕላን ማረፊያ ከሚያክሉ መጋዘኖች በአንዱ ሌሊት ሌሊት ካርቶን ይጭናል። እሷ ቀን ቀን የአንድ ድርጅት ፔይሮል፣ የሠራተኞች ደመወዝ፣ ትሠራለች። እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች፤ በሩ ላይ ሲተላለፉ ያየ ሰው ተራ የሚቀያየሩ ዘበኞች እንጂ ባልና ሚስት ናቸው አይልም። ወሬያቸው በድምፅ መልእክት ነው። የዕረፍቱንም ነገር በዚያው ነገረችው። አርብ እሷና ልጆቹ ቀድመው ይገባሉ፤ እሱ ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ እንደወጣ በባቡር ይመጣል፤ ትንሽ ይተኛል፤ ከዚያ አራቱም አብረው ይዋኛሉ። አስረዳች፣ ደገመች፣ አደራ አለች። የመጣው መልስ አንድ «እሺ» ነበር። እሷም ከዚያ በላይ አልጠበቀችም።

የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ አራቱም ባንድነት ነቅተው የሚውሉበት አንድ ቀን።

እንግዲህ ርካሽ ዕረፍት ማለት ቤትን ነቅሎ ተሸክሞ መሄድ ነው። ውጭ ላለመብላት የሩዝ ማብሰያ ያዘች። ተጨማሪ አልጋ ስለሚያስከፍል ብርድ ልብስና ትራስ ያዘች። ቋንጣ ፍርፍር በአይስክሬም ዕቃ፣ ዘይት በውሃ ላስቲክ፣ በርበሬ በመድኃኒት ብልቃጥ፣ ወተት፣ ሽንኩርት፣ የሳህን ሳሙና። ሁለት ሻንጣና አንድ ባለ መስመር ትልቅ የላስቲክ ቦርሳ ሞላ። በዚህ ላይ ያቤጽ ያለ ብስክሌቱ ንቅንቅ አልልም አለ። አርብ ዕለት ባቡሩ ላይ ሲሳፈሩ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ መንግሥት ያስጠጋቸው ስደተኞች መስለውት ቦታ ለቀቀላቸው።

ፉትስክሬይ ጣቢያ ላይ ባቡሩ ቆሞ እትዬ ማንተግቦሽ ገቡ። እትዬ ማንተግቦሽ የእነ መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን የእናቶች ጸሎት መሪ ናቸው፤ ሲጸልዩ አንድ ዓይናቸውን ብቻ ነው የሚጨፍኑት እየተባሉ ይታማሉ። የዚያን ቀን ሁለቱም ተከፍተው ነበር። ሻንጣዎቹን አዩ። ብርድ ልብሱን አዩ። የሩዝ ማብሰያውን ሲያዩ ተቀመጡ።

«መታሰቢያዬ፣ ወዴት ነው እንዲህ ተጠቅልሎ?»

«ከተማ ነው እትዬ። ሆቴል ነው የምናድረው።»

«ሆቴል።» ብርድ ልብሱን ደግመው አዩ። «ሩቤልስ?»

«ሥራ ነው። ነገ ይመጣል።»

«ጌታ ያምጣው» አሉና እጇን ያዙ። «ቤታችሁስ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው እትዬ። ልጆቹ ትንሽ አየር ይለውጡ ብዬ ነው።»

«አየር» አሉ እትዬ ማንተግቦሽ፣ ዓይናቸው እንባ እያቀረረ። «አይዞሽ። እኔም በጊዜዬ አየር ለውጬ አውቃለሁ።»

መታሰቢያ ምንም አልጠረጠረችም። የእኛ ሰው በሚኖርበት ከተማ ሆቴል የሚያድረው በሁለት ምክንያት ብቻ መሆኑን ረስታዋለች፤ ወይ ቤቱ ተቃጥሏል፣ ወይ ትዳሩ። ባቡሩ ከተማ ሳይገባ ወሬው ገብቶ ተመለሰ። የእኛ ሰው ከሚበዛባቸው ሰፈሮች ሴንት አልባንስ እንደሰማች ኬንሲንግተን አለቀሰች። ማታ ላይ አዲስ አበባ ያለችው የሩቤል እህት ጾም ይዛ፣ ጎረቤቶቿም አብረዋት እንደያዙ ተነገረ።

እነ መታሰቢያ ይህን ሁሉ ሳያውቁ አልጋ ላይ እየዘለሉ ነበር። ቋንጣ ፍርፍራቸውን በሆቴሉ ነጭ ሳህን በሉ። ያቤጽ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቀይ መኪና በገባ ቁጥር ያጨበጭባል። ኑሀሚን ነገ ዳዲ ስንት ጊዜ ውሃ ውስጥ ሊወረውራት እንደሚችል ታሰላለች። «እስኪደክመው» አለቻት እናቷ፤ ወዲያው ቃሉን ብትመልሰው ወደደች።

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ቁርስ ሳይበሉ የዋና ልብስ ለበሱ። ያቤጽ በአየር የተነፋ መንሳፈፊያ ክንዶቹ ላይ አጥልቆ፣ የዋና መነጽሩን አድርጎ፣ በሩ ሥር ቁጭ አለ። በሩ ተንኳኳ። መታሰቢያ ስትከፍት ሩቤል ያን የሚያብረቀርቅ ብርቱካናማ የሥራ ሰደርያውን እንደለበሰ ቆሟል። ከኋላው እትዬ ማንተግቦሽ። ከኋላቸው ኦላና፣ የቤት ለቤት ጸሎት መሪያቸው። ከሁሉም ኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሼ አድማሱ፣ በሙሉ ልብስና በከረባት።

ሽማግሌ በጠዋት ተሰብስቦ ደጅ ላይ ከቆመ መርዶ ነው፤ የመታሰቢያ እናት ደግሞ ደም ግፊት አለባቸው። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም ልጄ፤ ተነሺ» አሉ ጋሼ አድማሱ። «ትዳር እንዳይሞት ነው የመጣነው።»

ጋሼ አድማሱ ያስታረቋቸው ባልና ሚስቶች ቢሰለፉ ትራም ያስቆማሉ። ግማሾቹ ከመታረቃቸው በፊት ተጣልተው አያውቁም። የዛሬውን ጉዳይ ሌሊቱን ሲያወጡ ሲያወርዱ አድረው፣ ጎህ ሲቀድ መጋዘኑ በር ላይ ጠብቀው፣ ሩቤልን ከሥራ ሲወጣ መኪና ውስጥ አስገቡት። ክፍሏ ውስጥ አንድ ወንበር ብቻ ነበር፤ እሱም ላይ የሩዝ ማብሰያው ተቀምጧል። ሦስቱ ሽማግሌዎች አልጋው ላይ ተደረደሩ።

«ጋሼ፣ ለዕረፍት ነው እኮ የመጣነው» አለች መታሰቢያ። እናቷ አለመሞታቸው ደስ ብሏት ሳቋ ሊያመልጣት ደርሷል።

«አዎ። ሁሉም መጀመሪያ ዕረፍት ነው የሚለው።»

«ሁለት ሌሊት ብቻ ነው።»

«ቤት ያለው ሰው፣ ቤቱ አጠገብ፣ ከፍሎ ያድራል?»

«እዚህ አገር ያድራሉ ጋሼ።»

«ከእኛ ውስጥ ማን አደረ? አንድ ሰው ጥሪልኝ።»

«የሩዝ ማብሰያው ይቅር» አሉ እትዬ ማንተግቦሽ በለስላሳ ድምፅ። «የልጁ ብስክሌት ለሁለት ሌሊት ነው?»

መታሰቢያ ወደ ባሏ ዞረች። አንድ ቃል ይበቃል። «ሽርሽር ነው» ቢል ተስቆ ያልቃል፤ ሽማግሌዎቹ ውሃ ጠጥተው ይሄዳሉ።

«አንተስ ልጄ?» አሉ ጋሼ አድማሱ። «ምን በደለችህ?»

«ምንም።»

«ጨዋ ነው» አሉ ጋሼ ወደ ኦላና ዞረው። «አየህ? ሚስቱን አያማም። ግድ የለህም ሩቤል፣ እኛ ነን፤ ተናገር።»

«ምንም አልበደለችኝም።» ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተከለ። እንቅልፍ ያጣ ዓይን ነው፤ ጠርዙ ቀልቷል። «ግን...»

አልጋው ተንቀጠቀጠ፤ ሦስቱም ወደ ፊት ሳብ ብለው ነው።

«ግን እኔን ማንም አይጠይቀኝም» አለ ሩቤል። «ይነገረኛል። ስልኬን ስከፍት ፕሮግራም ተልኮልኛል፤ ቅዳሜ ና፣ ተኛ፣ ተነስ፣ ዋኝ። አለቃዬም እንደዚያው ነው የሚልክልኝ። ሥራ ቦታ አለቃ፣ ቤት አለቃ። አገሬ ላይ ስንት ሰው አዝዝ ነበር ጋሼ። እዚህ በሰው ቪዛ ላይ እንደ ሻንጣ ተለጥፌ መጣሁ፤ ይኸው ሻንጣ ነኝ።»

«እሺ ብለኸኝ ነበር» አለች መታሰቢያ።

«መልእክትሽ ከእንቅልፌ ቀስቅሶኝ ነው። የምትጠይቂኝን ሁሉ እሺ የምለው እንድተኛ ነው።»

ስለ ሥዕሉ ልትናገር አፏን ከፈተች። ሽማግሌ ፊት ብትናገረው ክስ ሊሆን ነው፤ በዚያ ላይ ኑሀሚን ቆማ ትሰማለች። መልሳ ዘጋችው።

ጋሼ አድማሱ የሞተሩን ብልሽት እንዳገኘ መካኒክ ፊታቸው በራ። «በል፣ ተገኘ። ጥሩ ነው የመጣነው። መታሰቢያ፣ ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ። አንተም ትቀበላለህ። ከዚያ ዕቃው መኪና ላይ ይጫን፤ እትዬ ማንተግቦሽ ቤት ምሳ ተሠርቷል፤ ወገን ሁሉ እየጠበቀ ነው። ሴት ልጅ ሆቴል መክረሟ ለስምም ጥሩ አይደለም።»

«ይቅርታ» አለች መታሰቢያ ወዲያው። ቀኑ ገና አልመሸም፤ ቀኑን ለማትረፍ ከሆነ ላልሠራችውም ኃጢአት ትጠይቃለች። «ሩቤል፣ ይቅርታ። ሳልጠይቅህ ነው ያቀድኩት። አሁን እየጠየቅሁህ ነው። ከእኛ ጋር ትውላለህ?»

ሩቤል ቀና ብሎ አያት። ከስንት ጊዜ በኋላ በብርሃን ያያት ያን ጊዜ ነው።

«ደክሞኛል መታሰቢያ።»

«አልጋ አለ።»

«አለ» አለ። «ሰው ተቀምጦበታል።»

ከአልጋው ማንም አልተነሳም። ያቤጽ መነጽሩን እንዳደረገ መጥቶ የአባቱን ሰደርያ ጎተተ። በእንግሊዝኛ ነው የጠየቀው፤ ገንዳው ሳይዘጋ እንውረድ ወይ ብሎ። ሩቤል ጭንቅላቱን ዳሰሰው። «አንኩሎች መጥተዋል» አለው። «እምቢ አይባልም።»

«እንግዲያው ሂዱ» አለች መታሰቢያ። «እኛ ነገ ነው የምንመጣው። ቃል ገብቼላቸዋለሁ።»

«ባሏን ሂድ አለችው» አሉ እትዬ ማንተግቦሽ፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው። ያቺ ዓረፍተ ነገር ከሰዎቹ ቀድማ ከክፍሉ ወጥታ ሄደች።

ጋሼ አድማሱ ተቆጡ፤ መከሩ፤ ጸለዩ። ጸሎቱ ረጅም ነበር፤ ብዙው እግዚአብሔር ሳይሆን መታሰቢያ እንድትሰማው የተባለ ነው። ኦላና ለመመለሷ መያዣ ይሆናል ብሎ ይሁን፣ ወይ እጁን የሚያሳርፍበት አጥቶ፣ የሩዝ ማብሰያውን ተሸክሞ ወረደ። ሩቤል መጨረሻ ላይ ወጣ። ሊፍቱ ውስጥ ቆሞ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ዓይኑን ሲጨፍን አየችው፤ በሩ ገና ሳይዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ገንዳው ወረዱ። መታሰቢያ ዋና አትችልም። ሱሪዋን ወደ ላይ ሰብስባ፣ እግሯን ውሃው ውስጥ ከታ፣ ልጆቹን በየተራ በክንዳቸው ይዛ ጎተተቻቸው። መወርወር ሞከረች፤ ኑሀሚን ከእጇ አልፋ አልሄደችም። «ኢትስ ኦኬ ማሚ» አለቻት ልጅቷ፣ ልክ አስተማሪዋ በምትናገርበት በዚያ ለስላሳ ድምፅ። ስልኩ መቀመጫው ላይ ይንቀጠቀጣል። የሩቤል እህት ናት፤ ከዚያ የራሷ እናት፤ ከዚያ የማታውቀው ቁጥር። ሁሉም የሚያጽናኑ ናቸው።

እሁድ ረፋድ ጋሼ አድማሱ በጉባኤው ፊት ቆመው አንድ ቤት ከመፍረስ መዳኑን መሰከሩ። ስም አልጠሩም፤ ያልሰማ ስላልነበረ መጥራት አላስፈለጋቸውም። ጭብጨባው ከባድ ነበር ይባላል። እትዬ ማንተግቦሽም ባቡር ውስጥ መንፈስ ቅዱስ እንዳሳያቸው ተናገሩ።

እሁድ ማታ ሻንጣውን እየጎተቱ ትሩጋኒና ደረሱ። መጋረጃው ተዘግቷል። የሩቤል የሥራ ጫማ በሩ ላይ ነው፤ ለሌሊቱ ሺፍት ሰው ጎድሎ ቢደውሉለት እሺ ብሎ፣ እስከዚያ ተኝቷል። መታሰቢያ ቁልፉን አዞረች። ኑሀሚን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ ያቤጽ ቁጭ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ማንም አልነገራቸውም። አንዱ ከሌላው ኋላ፣ ምንጣፉን በእግር ጣታቸው ብቻ እየነኩ፣ በመኝታ ቤቱ ደጅ አለፉ።