በደሴ አውቶቡስ ላይ ያልበላሁት ዳቦ

ካርቱም ጋራዥ ውስጥ ሠርቼ በተመለስኩ በሳምንቱ፣ እናቴንም የመንገዱን ጨዋታም ናፍቄ ከአውቶቡስ ተራ የደሴ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሱዳን ሳለሁ ባቡር ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ሻይ ጋብዞ አደንዝዞ ዘርፎኛል፤ ከዚያ ወዲህ በጉዞ ላይ ከሰው እጅ አልበላም።

ገና መርካቶን ሳንለቅ፣ ከጎኔ የተቀመጡ ጠና ያሉ ሴት ስንቃቸውን ፈትተው ዳቦ ቆረሱልኝ።

«ጠግቤያለሁ፣ እትዬ።»

«መንገድ ላይ ማን ለብቻው ይበላል? እንካ እንጂ!»

«ይቅርብኝ።»

«አይዞህ፣ መርዝ የለበትም!»

ከኋላችን ያሉት ሳቁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ዳቦውን በእኔ ላይ አሻግረው ለወዲያኛው ሰው ሰጡት፤ እሱም ቆርሶ ወደ ኋላ አሳለፈው። ሁሉም እያኘከ ሲጫወት እኔ የተኛሁ መስዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ገና ሰንዳፋ ሳንደርስ መንገዱ ረዘመብኝ።