አያ ቢተው የሠራው አጥር

ባለፈው መጋቢት ከዳንግላ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ከተማችን ቆሰበር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ሰው ለማውረድ ቆመና በተከፈተው በር የዲከረንስ ጭስ ገባ። ዲከረንስ በእኛ አገር ገበሬው ሁሉ ለከሰል የሚተክለው ዛፍ ነው፤ ጭሱ እንደ ሌላ እንጨት አይደለም፣ መጀመሪያ ትንሽ ይጣፍጣል፣ ጉሮሮ ሲደርስ ይመርራል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ። እኔ ግን አንገቴን በመስኮቱ አውጥቼ ጭሱ ከየት እንደተነሳ፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው፣ ከፊቱ የሣር ቤት ይኑር አይኑር ማየት ጀመርኩ። ይህን ያስለመደኝ ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል ነው። ከሞተ ስምንት ወሩ ነበር።

ቤታችን ከከተማው ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር ነው። ሰባት ቤት ነን፣ ጎን ለጎን። ተማሪ ሳለሁ የእኛን ጨምሮ የሁለት ቤት ጣሪያ ብቻ ቆርቆሮ ነበር፤ የሌላው ሣር ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ከጓሯችን በኋላ ያለው መሬት ድንችና ገብስ ይበቅልበት ነበር፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሁሉም ዲከረንስ ሆነ። አበባው ቢጫ ነው፣ ደስ ይላል። የካቲት ላይ ግን ከሥሩ የረገፈው ቅጠል እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርስና ሲረግጡት እንደ ደረቅ ቆሎ ይንኮሻኮሻል።

ይበልጣል አሥረኛ ክፍልን ሲጨርስ ከከሰል አክሳዮች ጋር ሥራ ጀመረ። አንድ በጋ ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ ወዲያ ባለች መንደር ሲሠሩ፣ በደንብ አፈር ያልለበሰ የከሰል ጉድጓድ ነፋስ አገኘውና ሰዎቹ ውሃ ቀድተው እስኪመለሱ ሦስት ቤት በላ። ወንድሜ ቅንድቡ ተለብልቦ መጣ። ያን ቀን እህል አልቀመሰም፤ በማግሥቱ ጠዋት ተነስቶ ከግድግዳችን ጋር የተጠጋውን የጭድ ክምር ወደ ሜዳው መጎተት ጀመረ።

በእኛ ዘንድ ክምር ከደጅ አይርቅም፤ ትልቅ ክምር የቤቱ ኩራት ነው። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየው ቆየና «ምነው ልጄ፣ መንገደኛው ዘንድሮ ባዶ ቀሩ ይበለን?» አለው።

«ይበል አባዬ፤ ቤቱ ብቻ ይቁም።»

ከዚያ ወደ ጎረቤት ዞረ። በየቤቱ ዙሪያ ሣሩን እስከ አፈሩ ይልጣል፣ የዲከረንሱን ቅርንጫፍ ከሰው ቁመት በላይ ይመለምላል፣ በየበሩ ውሃ የሞላ ጀሪካን ያስቀምጣል፣ ለእሳት መምቻ የሚሆን እርጥብ ቅጠል ከየት እንደሚቆረጥ ያሳያል፣ በአንዱ ቤት ያሉትን መራመድ የማይችሉ ሽማግሌ ማንና ማን እንደሚሸከማቸው ያስማማል። ዶማውን ይዞ ሲመጣ የሚስቁበትም ነበሩ። በተለይ አያ ምንይችል፣ ሁለተኛው ቤት፣ ገና ከሩቅ ሲያዩት ሚስታቸውን ይጠሩ ነበር፦ «ነይ ውጪ! ፀጉር ቆራጩ መጣልሽ፤ ጓሯችንን ሊላጭ ነው!»

ወንድሜም ራሳቸው ላይ አንድ ፀጉር እንዳልቀረ እያየ «እርስዎን እኮ ቀድሞኝ የላጨዎት አለ አያ» ይላቸው ነበር።

ያስቸገረው አጥሩ ነው። መጨረሻው ቤት፣ ለደኑ የሚቀርበው፣ የእትዬ ስንዱ ነው። ባላቸው አያ ቢተው በቀርከሃ ሥራ የታወቁ ሰው ነበሩ፤ በሞቱበት ዓመት ከደኑ ጫፍ ጀምረው በቤታቸው ጎን የሚያልፍ አጥር ጎንጉነው ነበር፣ ነፋስ የማያሳልፍ። ቆንጆ ስለነበረ ሁላችንም አጥራችንን ከእሱ ጋር አያያዝነው። ደረቅ ቀርከሃ ከደኑ እስከ መጀመሪያው ቤት። ወንድሜ አጥሩ ከደኑ ወጥቶ ቤታቸው ጋ በሚደርስበት ቦታ ሦስት እርምጃ ብቻ እንዲከፈት እትዬ ስንዱን ለመናቸው።

«የሠራው እጅ አፈር ውስጥ ነው ልጄ» አሉት። «ቆርጠህ ጣለው ትለኛለህ?»

አራት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄደ። በአራተኛው ተቆጡ። እትዬ ስንዱ ሲቆጡ ወደ አዊኛ ይመለሳሉ፤ ወንድሜ የሚገባውን ነገር እንዳልገባው ሆኖ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተመለሰ። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ወንድሜ እንዲህ ተዋርዶ ሲመለስ ማየት አልቻልኩም።

በገበያ ቀን እሳቸው ቆሰበር ሲወርዱ ጠብቄ ገጀራ ይዤ ሄድኩ። ሦስት እርምጃ ለክቼ ቆረጥኩት። የቀርከሃው ብናኝ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ያስነጥሰኝ ነበር፤ እኔ ግን እየሳቅኩ ነበር፣ ወንድሜ የሚያመሰግነኝ መስሎኝ።

ይበልጣል መጥቶ ሲያይ አልመታኝም። መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አሁን ማን ያምነኛል?» አለ። «ማን ጓሮው ያስገባኛል?»

እትዬ ስንዱ ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን አስቀመጡና የተቆረጡትን ጫፎች አንድ በአንድ በእጃቸው ዳሰሱ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው። አልጮሁም። ገብተው በራቸውን ዘጉ። ያ ከጩኸት ይብሳል።

በማግሥቱ ወንድሜ አንገቴ ላይ ድንጋይ አሸክሞ ደጃቸው አንበረከከኝ፤ እሱም አጠገቤ ተንበረከከ፣ ያለ ጥፋቱ። «ጣለው፣ አንገትህ ሊቀነጠስ ነው» አሉኝ በመጨረሻ። ወንድሜ አጥሩን መልሰን እንደምንሠራው ቃል ገባ።

ቃሉ ቀላል ነበር። ቀርከሃ ስንሰነጥቅ፣ ጣታችንን ስንቆርጥ፣ ስንጎነጉን፣ ስንፈታ ሦስት ቀን ዋልን። የወጣው ነገር እዚህ ያበጠ፣ እዚያ ዶሮ የሚያሳልፍ፣ መሐሉ ላይ የጎበጠ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከኋላችን ድምፅ ሰማን፤ ዞር ስንል እትዬ ስንዱ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይንቀጠቀጣሉ። የሚያለቅሱ መስሎን ነበር።

«ኧረ በሞቴ» አሉ፣ «ይሄ አጥር ነው ወይስ ዝሆን የተኛበት ቅርጫት?»

ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ አጠገባችን ቁጭ ብለው ስንጥቁ በሁለቱ ላይ በአንዱ ሥር እንዴት እንደሚያልፍ አሳዩን፣ ቢተው እንዲህ ነበር እጁ፣ እንዲህ ነበር የሚስበው እያሉ። ብዙ ነገሩን። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የእኛን ሥራ አዩት፣ የባላቸውን አዩት።

«ይሄኛው የቢተው እጅ አይደለም» አሉ። «ይሄን አንሱትና የምትፈልገውን ክፈት። የሱን ግን እንዳትነኩብኝ።»

 የእኛን አጥር እንጨት የነቀሉት ራሳቸው እትዬ ስንዱ ናቸው።

እሳቱ የመጣው ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ነው፣ ቀትር ላይ፣ በደኑ በኩል። ቀርከሃ ሲቃጠል እንደ ጥይት ይጮኻል፤ እኔ ትምህርት ቤት ሆኜ ሰምቼ ሮጥኩ። ስደርስ ሰው ሁሉ እርጥብ ቅጠሉን ይዞ በተነገረው ቦታ ቆሟል፣ ሽማግሌው በሁለት ሰው ሸክም ማዶ ተቀምጠዋል፣ ወንድሜ በእትዬ ስንዱ ጣሪያ ላይ እርጥብ ጆንያ ይዞ የሚወድቀውን ፍም ያፍናል። እሳቱ አጥሩን ይዞ እየተንጣጣ መጣና ከተላጨው መሬት ሲደርስ የሚይዘው አጣ። ቆመ። ከክፍተቱ ወዲያ የነበረው የአያ ቢተው ሥራ አመድ ሆነ፤ ወዲህ ያለው ተረፈ፤ ቤት አልተቃጠለም። አያ ምንይችል ፊታቸው ጠቁሮ መጡና በወንድሜ እግር ሥር ሊወድቁ ሲሉ እሱ አንስቶ አቀፋቸው።

ከዚያ በኋላ በየበጋው ሁለታችን ሰባቱን ቤት እንዞር ነበር። ባለፈው ሐምሌ ግን ታመመ። ሆስፒታል ገባ። አልወጣም። ስለ ሞቱ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፤ ሞክሬ ነበር።

እትዬ ስንዱ አሁንም በአጥራቸው ጎን ሲያልፉ በእጃቸው እየዳሰሱት ነው። ሳያቸው እቀናለሁ። ወንድሜ የሚዳሰስ ነገር አልተወልኝም፤ ሥራው ማንሳት፣ መቁረጥ፣ መላጨት ነበር፣ የሠራውም ባዶ መሬት ነው፣ እሱን ደግሞ አንድ ክረምት ሣር ያለብሰዋል። ይህን በጋ ማንም አልነካውም። እኔም አልነካሁትም። ሰዉም አዝኖልኝ ሥራውን አላነሳብኝም።

ያን ቀን ከሚኒባሱ ወርጄ ቤት እንደገባሁ ዶማውን አነሳሁ። የሰባቱ ቤት ዙሪያ ለሁለታችን የሦስት ቀን ሥራ ነበር። ለብቻዬ ስድስት ቀን መሆን ነበረበት። የላጨሁትን አፈር በእጄ እየዳሰስኩ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ።