የቀኝ በር መረገጫ

«አባ ልክ» የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላቸው በውል የሚያውቅ የለም። ብቻ ሜትራቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ ብረት የነኩበት ቀን ስለሌለ፣ ስሙ ተጣብቆባቸው ቀረ። ሥራቸው ብየዳ ነው። ከሁሉም የሚታወቁት ግን ድንጋያማ መንገድ ለሚወጡ መኪኖች በሚሠሩት የጎን ብረት ነው፤ ከበሮቹ ሥር የሚጋደም ወፍራም ብረት፣ መኪናው ድንጋይ ላይ ሲወድቅ በሩ እንዳይጨረመት ጭነቱን የሚሸከም።

አንድ አመልም አላቸው። በግቢያቸው መውጫ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ ተገትሯል። ጎረቤት ሁሉ «ይነሳልን» ብሎ ለምኖ ሰልችቶታል፤ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል። አባ ልክ ጎኑን የሠሩለት መኪና ከግቢ የሚወጣው በዚያ ድንጋይ ላይ ጎኑን ጥሎ ነው። ባለመኪናው ሲንቀጠቀጥ እሳቸው ዘና ብለው፣ «እዚህ ካላየነው የት ልናየው ነው? ሰው በሌለበት ገደል?» ይላሉ። በብረቱ ተንሸራቶ ካለፈ ቁልፉን ያስረክባሉ፤ ካላለፈ ተመልሶ ይገባል። ዘመድም ይሁን ሹም፣ ድንጋዩ ለማንም አያዳላም።

የሰውን መኪና እንዲህ ሲያስታጥቁ የኖሩት ሰውዬ የራሳቸውን አሮጌ መኪና ግን የጎን ብረት አልብሰዋት አያውቁም። ምክንያቱ ከቀኝ በር ሥር ተንጠልጥሎ ይታይ ነበር።

ባለቤታቸው አዋላጅ ነርስ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ራቅ ያሉ እናቶችን ለማየት በዚያች መኪና ይወጣሉ፤ ሾፌራቸው አባ ልክ ናቸው። መንገዱን ሙሉ ይከራከራሉ። ሚስት «በግራ በኩል ያዝ» ሲሉ ባል በቀኝ ይይዛሉ፤ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጡ ደግሞ «ምነው አልነገርሽኝም?» ይባላል። ያ ዘመን ደግ ዘመን ነበር። ሬዲዮው አይሠራም፣ መስኮቱ አይዘጋም፣ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይንኮሻኮሻል፤ ግን አባ ልክ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ስቀው አያውቁም።

የባለቤታቸው ጉልበት መታመም ሲጀምር፣ አባ ልክ ዝቅ ያለች መረገጫ ሠርተው ከቀኝ በር ሥር በየዱ። ጫማ እንዳያንሸራትት ላይዋን በብየዳ ጠብታ አጎርብጠው፣ ጥቁር ቀለም ቀብተው፣ «በይ፣ ያንቺ ደረጃ» አሉ። ሚስትየው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው አመሰገኑ። ከዓመታት በኋላ ሚስትየውን ሞት ወሰዳቸው፤ መኪናዋም ከቆርቆሮ ጥላው ሥር ቆመች።

ዘንድሮ ልጃቸው መጣች። የእንስሳት ሐኪም ናት፤ የተመደበችበት አገር ከብቱም ድንጋዩም የበዛበት ነው።

«አባዬ፣ አሮጊቷን ስጠኝ» አለች፤ መኪናዋን ማለቷ ነው።

አባ ልክ ደስም አላቸው፣ ሆድም ባሳቸው። ለልጃቸው ምን ይነፈጋል? ግን ያ መንገድ ያለ ጎን ብረት አይሞከርም፤ የጎን ብረት ደግሞ ሽቅብ ተጠግቶ ነው የሚታሰረው። ከሥሩ ዝቅ ብሎ የሚንጠለጠል ነገር ካለ ድንጋይ ይይዘዋል። ይህን ከእሳቸው የተሻለ ማን ያውቃል?

መጀመሪያ አባትና ልጅ መለዋወጫ ሱቅ ሄዱ። ነጋዴው የሚያብለጨልጭ፣ ላስቲክ የለበሰ፣ ተሠርቶ ያለቀ የጎን ብረት አወጣ፤ የልጅቷ ዓይን አረፈበት።

«ይሄ እኮ ያለቀለት ነው አባዬ። በብሎን ማሰር ብቻ።»

አባ ልክ ጎንበስ ብለው በጣታቸው አንኳኩት። እንደ ባዶ ጣሳ ጮኸ።

«የሚታሰረው የት ላይ ነው?»

«በሩ ሥር ያለው ላሜራ ላይ» አለ ነጋዴው።

«እንግዲያው ድንጋይ ሲመታው ላሜራውንም ይዞት ይገባል። ይሄ ለሙሽራ መኪና ነው።»

«ጥፋቱ እርስዎን ሱቄ ያስገባሁት የእኔ ነው» አለ ነጋዴው እየሳቀ።

ብረት መደብር ሲደርሱ አባ ልክ ምርጫውን ለልጃቸው ተዉላት። አራት ማዕዘኑ ቱቦ ጠንካራ ነው፤ ክቡ ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል። ልጅቷ ጥቂት አሰበችና፣ «እኔ የምሄድበት ድንጋይ ሹል ነው። የሚይዘኝ ሳይሆን የሚያሳልፈኝ ይሻለኛል» ብላ ክቡን መረጠች። አባትየው ቱቦውን ሲጭኑ ያፏጩ ነበር።

የግራው ጎን ሸጋ ሆኖ አለቀ። ባትሪውን ነቀሉ፤ መኪናዋን ከሥር የሚሸከመውን የሻንሲውን ቀለምና ዝገት ብረቱ እስኪያበራ ፋቁ፤ ቱቦውን የሚይዙትን ክንዶች ከሻንሲው ጋር በየዱ፤ ልጅቷ ቱቦውን ደግፋ ይዛላቸው አጋደሙት። ወደ ቀኙ ሲዞሩ የአባ ልክ እጅ ከበደ። የብየዳው ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ እርጥበት ገብቶታል አሉ። ገመዱ ይሞቃል አሉ። ምሳ ሰዓት ደርሷል አሉ፤ ገና ረፋድ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ብረት ሠሪም ለካ እንዲያው ነው። በመጨረሻ መረገጫዋን ከነበረችበት ቆርጠው፣ አዲሱን ቱቦ አስተካክለው ካሰሩ በኋላ፣ መልሰው ከቱቦው ሥር በየዷት። ልጅቷ አየች፤ መሣሪያውን መሰብሰብ ጀመረች።

ድንጋዩ ቀረ። አባ ልክ ራሳቸው መሪውን ያዙ። በግራ ሲያሳልፏት አሮጊቷ ጎኗን ጥላ እየተንሸራተተች ወረደች። ዞረው በቀኝ ሲመጡ ግን የሆነ ነገር ቀጭ አለና መኪናዋ ተገትራ ቀረች። ድንጋዩ መረገጫዋን ነክሶ ወደ ኋላ አጣሟታል።

አባ ልክ ሞተሩን አጠፉ።

«አውቄው ነበር» አሉ። «ለሰው ብሠራው ኖሮ አፍሬ እሞት ነበር። ግን ልጄ፣ ይህችን ስነቅል እናትሽን ከመኪናው ያወረድኳት መሰለኝ።»

ልጅቷ አንገታቸውን አቀፈችና፣ «ውረድ በል፣ አብረን እንቁረጣት» አለች።

ቆረጧት። አባ ልክ የተጣመመውን ብረት ብርሃን ወዳለበት ወስደው የደረቀውን ጭቃ በሽቦ ብሩሽ ያነሱ ጀመር። ከዚያ ቆም አሉ። ጠብታዎቹ እንደሾሉ ናቸው። ጥቁር ቀለሙ በየጠብታው አናት ላይ እንዳለ አለ። ብረት ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጫማ ያገኘውን ብረት ካላገኘው ይለያሉ።

«ይሄ እኮ አልተረገጠም» አሉ።

ልጅቷ ሳቋ መጣ፤ እንባዋም አብሮ። «አንድም ቀን አልረገጠችውም። እንዳልነግርህ አስምላኛለች። ‹ይሄን ደረጃ ከለመድኩማ አባትሽ መዞሩን ይተዋል› ነበር ያለችኝ።»

አባ ልክ ብረቱን እንደያዙ ተቀመጡ። ያ የቅዳሜ ጠዋት ፊታቸው ላይ ድቅን አለ። ባለቤታቸው ቦርሳቸውን አቅፈው በቀኝ በር ይቆማሉ፤ «ና እንጂ፣ ትከሻህን» ይላሉ። እሳቸው ደግሞ «ደረጃ ሠርቼልሽ!» እያሉ እያጉረመረሙ ይዞራሉ። የሚስትየው እጅ ክብደት በባልየው ትከሻ ላይ ያርፍ ነበር። የሚስትየው እግር ግን በረጅሙ ቀሚስ ተሸፍኖ መረገጫዋን አልፎ ይገባ ኖሯል። ያንን ሁሉ ዓመት። አባ ልክ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ በመሃረባቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ከሰዓት በኋላ አሮጊቷ በቀኝም በግራም ድንጋዩን ተንሸራታ አለፈች። እንደ ደንባቸው ቁልፉን አስረከቡ። ልጅቷ ሻንጣዋን ከኋላ ጫነች፤ የሾፌሩን በር ከፈተች፤ ግን አልገባችም። ከብት ተሸክማ የምትዘል ልጅ እጇን አጣጥፋ በሩ ላይ ቆመች።

«ምነው? ጉልበትሽን አመመሽ እንዴ?» አሉ አባ ልክ ከወዲያ በኩል።

«አላመመኝም» አለች። «ና እንጂ አባዬ፣ ትከሻህን።»

አባ ልክ እያጉረመረሙ በመኪናዋ አፍንጫ በኩል ዞሩ።