አባቴንና አንድ ዐይናቸውን ይዤ ወደ ጂዳ

መነሻ፤ መካነ ሰላም

ከመካነ ሰላም የተነሣነው ሰኞ ጠዋት፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ ነው። ጉዳያችን አንድ ነበር፤ አባቴ ሼህ ሰይድ ዐይናቸው ሳይጠፋ ካዕባን እንዲያዩ። የግራው ከጠፋ ቆይቷል። የቀኙን ደሴ ያለው ሐኪም በመብራት አገላብጦ ካየ በኋላ፣ "የዐይንዎ ግፊት አልወርድ ብሏል። ያሰቡት ጉዳይ ካለ አያቆዩት" አላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ቁርኣን ሲያስቀሩ የኖሩ ሰው ምን እንደሚያስቡ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

እኔ ልጃቸው ዘሐራ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ አቡጀዲም፣ ሻርፕም፣ የተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅም እሸጣለሁ። ፓስፖርቱንም ቪዛውንም ትኬቱንም ጨረስኩ። ያልጨረስኩት ሰፈሩን ነው። ታላቅ ወንድሜ ኡመር "ትንሽ ቆዩ፤ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ይዞ በአየር አይኬድም" አለ። ጎረቤቱም እሱን ተከትሎ "ቆዩ" አለ። ምን እስኪሆን እንደምንቆይ የነገረኝ ግን የለም።

ከሁሉ የከበደው ቅሬው ነው። ቅሬ እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ሬሳ የሚያነሣ፣ የሚቀብርና ከሐዘንተኛ ጋር የሚቀመጥ ማኅበር ነው። አባቴ ሞት አይፈሩም። የሚፈሩት ሬሳቸው ሳይገኝ፣ ሳይታጠቡና ሳይከፈኑ፣ ቅሬውም ሳይቀመጥላቸው መቅረትን ነው። "ቅሬው ካልፈቀደ አልሄድም" ብለው ቁጭ አሉ።

የወንዶቹ ስብሰባ ላይ ሴት አትገባም። ገባሁ።

የቅሬው ዳኛ አያ ይመር የበቅሎ ነጋዴ ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "ዘሐራ፣ እኛ አንዲት በቅሎ እንኳ ያለ ዋስ አንገዛም። ለዚህ አውሮፕላን ዋሱ ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኛ።"

"አንቺማ እዚያው ውስጥ ነሽ።"

"ታዲያ ከዚህ የበለጠ ዋስ ከየት ይመጣል? አንቱ በቅሎ ሲሸጡ ዋስዎ እቤቱ ተኝቶ ነው የሚያድረው።"

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። "ብረት ሰማይ ላይ ምን ይሠራል?"

"አዲሶቹ ብዙው አካላቸው ብረት አይደለም" አልኩ። "በማጣበቂያ የጠነከረ የክር ሽመና ነው።" ይህን ከስልክ አንብቤ የመጣሁት ነገሩን አቀላለሁ ብዬ ነበር። አባስኩት።

አባቴ ከተቀመጡበት ቀና አሉ። "ልጄ፣ በጨርቅ ልታበሪኝ ነው?"

"አባዬ፣ ጨርቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ይህን እንኳ ለኔ ይተዉልኝ።" ወደ ዳኛው ዞርኩ። "አያ ይመር፣ በአይሱዙ ከእህል ጆንያ ላይ ተጭነው ሲሄዱ ገደል የገቡትን ስንቱን ቀበርን? አይሱዙውን ማን ዋስ ጠየቀው?"

"እሱማ ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው" አለ ኡመር ከጥግ።

"እሺ፤ መሬት ላይ ሲሆን ቀደር፣ ሰማይ ላይ ሲሆን የዘሐራ ጥፋት የሚሆነው ለምንድን ነው?"

አያ ይመር ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና፣ "ሬሳው ቢገኝም ባይገኝም ቅሬው ይቀመጣል። ሂዱ" አሉ። "ባይገኝም" የምትለዋን ቢያስቀሯት ደስ ባለኝ።

እስከ ኮምቦልቻ

ሚኒባሱ ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር አራት ሰው አስቀመጠ፤ መተላለፊያው ላይ ደግሞ በርጩማ ደረደረ። አባቴ የደረሳቸው ቦታ ከጎማው በላይ ነው። ጉድጓድ በገባን ቁጥር የመስኮቱ ብረት ትከሻቸውን ይመታቸዋል። አቧራው ዐይናቸውን እንዳይነካው በሻርፕ ሸፈንኩላቸው። አቀስታ ላይ ወርደን ትኩስ ድንች በአዋዜ በላን፤ ድንቹ እንደ ሁልጊዜው ጥሩ ነበር። ስለዚህ መንገድ የማወድሰው እሱን ብቻ ነው። ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ ወርዶ የገብሱን ማሳም በጎቹንም ዋጣቸው። ሹፌሩ ግን ጉም እንደሌለ ሰው ይነዳል።

ከደሴ ሌላ ሚኒባስ ይዘን የሐረጎን ቁልቁለት ስንጀምር የሞተሩ ድምፅ ድንገት ቀለለ። ማርሹን ዜሮ አድርጎ ለቆታል።

"ወንድሜ፣ ማርሽ አስገባ እንጂ" አልኩት።

"ነዳጅ ተወዷል፣ እትዬ።"

"ሕይወትስ?"

"እሱ አልጨመረም።"

ነጋዴ ስለሆንኩ የገበያ እውነት ሲነገረኝ አውቀዋለሁ። አባቴ እስከ ታች ዚክር አላቋረጡም።

ኮምቦልቻ አድረን በማግሥቱ ባለ ፕሮፔለሯን ትንሽ አውሮፕላን ተሳፈርን። ሸቀጥ ላመጣ ሌሊት ተነሥቼ ሲመሽ የምደርስበት አዲስ አበባ፣ አባቴ የቁርኣኑን ምዕራፍ ያሲንን ጥቂት ጊዜ ደጋግመው ሳይጨርሱ ከሥራችን ተዘረጋ። "ደረስን እንዴ?" አሉ። ቅር ያላቸው ይመስሉ ነበር።

አዲስ አበባ

እዚያው አየር ማረፊያ አባቴ ኢሕራማቸውን ለበሱ። ሁለቱንም ነጭ ጨርቅ ከራሴ ሱቅ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሻይ ልጠጣ ብዬ ዋጋውን ስጠይቅ እኛ ዘንድ ለሳምንት ቁርስ የሚበቃ ሆኖ አገኘሁት። ውኃ ጠጣሁ።

የመሳፈሪያ ሰዓታችን ደርሶ ቆመን ሳለ "ቁጭ በሉ" ተባልን። አጠገባችን ያለ ባለ ሙሉ ልብስ ሰውዬ፣ "ይሄውላችሁ እንግዲህ" እያለ ያማርር ጀመር። እኔ ተነሥቼ በሩ ላይ የቆመችውን ሠራተኛ ጠየቅኳት።

"የአንድ በር መዝጊያ ምልክት በትክክል አልታየም፣ እናቴ። ቴክኒሻኑ ካልፈረመ ካፒቴኑም አይነሣም።"

"በሩ አይዘጋም?"

"ይዘጋል። መዘጋቱ ግን እርግጠኛ መሆን አለበት።"

በሕይወቴ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ብዙ ጠብቄያለሁ። ሰው እስኪሞላ ጠብቄያለሁ፤ ሹፌር ምሳ እስኪበላ፣ ረዳቱ ከተሳፋሪ ጋር ተጣልቶ እስኪታረቅ ጠብቄያለሁ። አንድ ሰው "ይህ ነገር አጠራጥሮኛል፤ አይሄድም" ብሎ ያቆመኝ ግን የለም። ተመልሼ ለአባቴ ነገርኳቸው።

"አይሄድም ያለው ሰው የታለ?" አሉ።

"ታች ነው አባዬ፤ ከዚህ አይታይም።"

"የማን ልጅ ይሆን? እንግዲያው ከዚሁ ዱዓ ላድርግለት።" ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ዙሪያችን ያለው ተሳፋሪ አሚን አለ፤ ሲያማርር የነበረው ሰውዬም ቆይቶ አለ። በመጨረሻ በሌላ አውሮፕላን ቀየሩልን።

ሰማይ ላይ

መጀመሪያ የወንበሩን ጨርቅ ዳበስኩ። ስፌቱ ደህና ነው፤ ክሩ ድርብ ነው። ቀጥዬ የግድግዳውን ጠርዝ ነካሁ፤ የምፈልገው ሽመና ግን በቀለም ተሸፍኗል። አስተናጋጇ ተንበርክካ የአባቴን ቀበቶ አሠረችላቸውና፣ "አባባ፣ አጠበቅሁብዎት?" አለች። አባቴ "የለም ልጄ፤ እንዲህ የያዘኝ ወንበር አላየሁም" አሏት።

ከጎናችን ማርታ የምትባል ወጣት ተቀመጠች። አውሮፕላን ጥገና ውስጥ የምትሠራ መሐንዲስ ናት፤ ጂዳ ለሥራ ትሄዳለች። ከደመና በላይ ስንወጣ ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ አባቴን አሳመማቸው። ብርሃን ሲበዛ ዐይናቸው እንባ ያወርዳል። መጋረጃ ብፈልግ የለም። ማርታ እጇን ዘርግታ ከመስኮቱ ሥር ያለ ቁልፍ አሳየቻቸው። አባቴ ሲጫኑት መስታወቱ ራሱ ቀስ በቀስ ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ። ውጭው ይታያል፤ ሕመሙ ግን ተወላቸው። አለቀቁትም፤ ያጠቁሩታል፣ ያነጡታል። የቁርኣን ልጆቻቸው ቢያዩዋቸው ለሳምንት የሚስቁበት ያገኙ ነበር።

"ሞተሩ ሁለት ብቻ ነው?" ብዬ ማርታን ጠየቅኳት። "አራት ያለው አይሻልም?"

"ድሮ ረጅም በረራ ላይ አራት ይበዛ ነበር፣ እትዬ። የዛሬዎቹ ሁለቱ ጉልበታቸው በቂ ነው። አካሉም ስለቀለለ ነዳጅ ይቆጥባሉ።"

"እንዴት አድርገው ይቆጥባሉ? ሞተር አጥፍተው?"

ሳቀች። የምጠይቀው ከልቤ መሆኑን አላወቀችም።

አባቴ ግን ሌላ ነገር አስበዋል። "አንደኛው ቢጠፋስ?"

"በቀረው ሄዶ እንዲያርፍ ሆኖ ነው የተሠራው፣ አባባ። አብራሪዎቹም በዚያ ይፈተናሉ።"

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔም በቀረው ነው የምሄደው" አሉ። ማርታ ያኔ ዐይናቸውን አየች።

ቆይታ ከየት እንደመጣን ጠየቀችን። ቦረና፣ መካነ ሰላም አልኳት፤ ደጋ ነው። "እንግዲያው እዚህ ውስጥ ያለው አየር ከናንተ አገር አየር ይወፍራል" አለች። በአዲሶቹ አውሮፕላኖች ውስጥ አየሩን እንደ ወይናደጋ ከተማ አድርገው ይይዙታል፤ ኮምቦልቻ ያህል ከፍታ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ጆሮም ብዙ አይደፈንም፣ ሰውም እንደ ድሮው አይደክምም። ይህን ለኡመር ልነግረው አሰብኩ። "በአየር አይኬድም" ያሉን ሰዎች ከእኛ ይበልጥ በቀጭን አየር ውስጥ ተቀምጠው ነው የመከሩን።

ቀይ ባሕር ላይ አውሮፕላኑ ተንገጫገጨ። ክንፉ ወደ ላይ ወደ ታች ሲል አየሁና የወንበሩን እጀታ ጨበጥኩ። ዋስ ነኝ ማለት ያኔ ከበደኝ። አባቴ አንድ ዐይናቸውን ከፈት አድርገው፣ "ይሄ ከጉጉፍቱ መንገድ አይብስም፤ ተኚ" አሉኝ። ኢሕራም ወደሚጀመርበት ወሰን፣ ወደ ሚቃት መቃረባችን በድምፅ ማጉያ ሲነገር ተነሡና ለዑምራ፣ ለካዕባው ጉብኝት፣ ነየቱ።

መካ

ከጂዳ መካ ደርሰን ወደ ታላቁ መስጊድ፣ ወደ ሐረሙ ስንገባ እጃቸውን ይዤ መራኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚሄዱት። ቆም ስል እሳቸውም ቆሙ፣ ቀናም አሉ። ሰው በግራም በቀኝም ያልፈናል።

"ካዕባውን ያዩታል አባዬ?"

"ጥቁር ነው" አሉ። ቀጥለውም፣ "ዳሩ ይደበዝዝብኛል። የለበሰውን ጨርቅ አንቺ እዪልኝ። ጥሩ ነው?"

በሕይወታቸው ስለ ሙያዬ ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር። "ጥሩ ነው፣ አባዬ። ከዚህ የሚበልጥ አይቼ አላውቅም" አልኳቸው።

ከመብራቱ በእጃቸው ተከልለው ለረጅም ጊዜ አዩ።

መመለሻ

ከጂዳ ኮምቦልቻ ድረስ የሆነውን ማውራት አያስፈልግም፤ ምንም አልሆነም። ነገር የመጣው ደሴ መናኸሪያ ነው። የመካነ ሰላሙ ሚኒባስ ሞልቶ፣ ትርፍ ጭኖ፣ ገና ይጠራል። አባቴ በሩ ላይ ደርሰው ቆሙ።

"አልሄድም" አሉ።

"ምነው አባባ? ቦታ አለ" አለ ረዳቱ።

"ቦታማ አለ። የበዛው ሰው ነው። ትርፉን አውርድ።"

"አብሽሩ አባባ፣ አላህ ያደርሰናል።"

"እሱማ ያደርሳል። አንተ ግን ትርፉን አውርድ።"

ውስጥ ያለው ሳቀ። ሹፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። አባቴ ከበሩ አልተነሡም፤ በእርጋታ፣ ለልጆች የቁርኣን ፊደል እንደሚያስቆጥሩበት ድምፅ፣ ያንኑ ደገሙለት። ሕፃን ያቀፈች ሴት ከውስጥ "እውነታቸውን ነው፤ እኔም እወርዳለሁ" ብላ ተነሣች። ከኋላዋ ሁለት ተማሪዎች ተነሡ። ሹፌሩ የሚያጣውን ሲያሰላ አየሁት፤ ያንን ፊት አውቀዋለሁ። እየተራገመ በርጩማዎቹን አወረደ። ለቀሪዎቹ ተራ የያዘውን ሌላ መኪና አመለከታቸው። እኛም ተሳፈርን።

መካነ ሰላም ስንደርስ ሰው "አላህ ይቀበልዎት" እያለ ከበባቸው። ስለ አውሮፕላኑ ሲጠይቋቸው ስለ መስታወቱም ስለ አየሩም አላወሩም። "አይሄድም የሚል ሰው አላቸው" ብቻ አሉ። እኔም ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ከዚህ አይበልጥም። የሚያበረው ሽመናው አይደለም፤ ተአምርም አይደለም። አንድ ሰው በአንዲት ምልክት ተጠራጥሮ ያንን ሁሉ ተሳፋሪ ለማስኮረፍ መድፈሩ ነው። እኛ ዘንድ ገቢው እንዲጎድል የማይፈልግ ሹፌርና እሱን ማስኮረፍ የማይፈልግ ተሳፋሪ ተገናኝተው የሚሆነውን ቀደር እንለዋለን። እኔ ከእንግዲህ አልለውም፤ የተቆጣ ይቆጣ።

የአባቴ ቀኝ ዐይን ያን ክረምት አልተሻገረም። አሁን ብርሃኑን ከጨለማው ይለያሉ፤ ቁርኣኑን በቃላቸው ያስቀራሉ። "ትንሽ ቆዩ" ያሉን ሰዎች ሁሉም አሉ፤ ጤና ይስጣቸው። ዐይኑ ግን አልቆየም።