የሉካንዳው ከርከሮ

ልጅ ሳለሁ በጆሮዬ የሰማሁትንና በዓይኔ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እስከ መጨረሻው ብታነቡኝ አትከስሩም። ደም አለበት፣ ግን ደግሞ አንድ ሰው ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ እንዴት ሠዓሊ እንደሚሆን ያስረዳል፤ እኔም ማስረዳት እወዳለሁ።

ሰውየው የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ታምሩ ነው። አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በሯ ላይ መስቀል የተሳለባት ሉካንዳ ነበረችው። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ጨረቃ የተሳለበት የከማል ሉካንዳ አለ። ደንበኛቸው ስለማይገናኝ አይቀናኑም፤ ቀኑን ሙሉ መንገድ ለመንገድ ሲተራረቡ ይውላሉ።

ያኔ፣ አመሻሽ ላይ፣ ገበያው ቀዝቅዞ የጥብሱ ምድጃ ፍም ብቻ ሲቀረው፣ መብራትም ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ በፋኖስ ብርሃን፣ ጋሼ ባዶ የለስላሳ ሣጥን ላይ ያስቀምጠኝና ቢላውን እየሞረደ ተረት ይነግረኝ ነበር። ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ፍሙ ላይ የቀረው ጮማ ጠብ ባለ ቁጥር ቸስ ይላል። የእሱ ተረት ውስጥ ጦጣ አታወራም፣ ቀበሮም ብልጥ አይደለችም፤ ይገዳደላሉ። በሬ ሊገዛ ወደ ቡልቡላ ሲወርድ በየጥሻው የሚያያቸውን አውሬዎች ነበር የሚተርክልኝ።

ከሁሉም የምወደው የከርከሮዋን ነበር። ይሄን ልብ በሉልኝ፤ ከርከሮ ጉድጓዷ የምትገባው በኋላዋ ነው። ግልገሎቿ በጭንቅላታቸው ተንደርድረው ይገባሉ፣ እሷ ግን ዞር ትልና በቂጧ ትገባለች፣ ክራንቻዋ ወደ በሩ እንዲሆን። ነብሩ ይሄን አያውቅም። ሽታ ተከትሎ አንገቱን ወደ ጉድጓዱ ሲሰድ፣ ጋሼ ቢላውን ከታች ወደ ላይ አየሩን ይሰነጥቅበታል።

«ዘርገፍ! አንጀቱ መሬት ላይ!»

«ከዚያስ ጋሼ?»

«ከዚያማ የገዛ አንጀቱን እየረገጠ ይሄዳላ። የት ይደርሳል ብለሽ ነው?»

ጆሮዬን እይዛለሁ፤ ወዲያው ደግሞ «ድገመው» እለዋለሁ።

በሁዳዴ ጾም የክርስቲያን ሉካንዳ ይዘጋል። አንድ ዓመት ጋሼ ሥራ ሲፈታ የቤት ቀለም ገዛና የሉካንዳውን የውስጥ ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ያቺን ከርከሮና ያንን ነብር ሳለበት። ማንም አላስተማረውም። ግን ዕድሜውን በሙሉ በሬ ሲበልት የኖረ ሰው ጡንቻ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ በእጁ ያውቀዋል፤ አውሬ መሣል ደግሞ ግማሹ ይሄ ነው። ከርከሮዋ ግድግዳውን ጥሳ የምትመጣብኝ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ጥፋቱ የቱ ላይ እንደሆነ ላስረዳ። በእኛ ከተማ የሱቅ ሥዕል ጌጥ አይደለም። ፀጉር ቤት የተበጠረ ጭንቅላት ይሳላል፣ ጭማቂ ቤት ማንጎ፣ ሉካንዳ በሬ። የተሳለው የሚሸጠው ነው። ከርከሮ ደግሞ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም እርም ነው።

የፋሲካ ዋዜማ ማታ መብራት ጠፍቶ በፋኖስ ስንሸጥ ግድግዳውን ልብ ያለው ሰው አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ፣ ፀሐይ ገባች፣ ሰልፉም ሥዕሉን አየ። ከፊት የነበረ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ሳቀና፦

«ጋሽ ታምሩ፣ ይቺ ደግሞ ኪሎዋ ስንት ነው?» አለው።

ጋሼ ተረበኛ ነው፤ አፉ አያርፍም። «እሷማ አለቀች! ሌሊት የፈሰካችሁት በማን መሰላችሁ?»

ከፊት ያሉት ሳቁ። አንዲት ሴትዮ ግን «በእመቤቴ!» ብላ ደጃፉ ላይ አስመለሰች። ከኋላ ያሉት ቀልዱን አልሰሙም፤ ያዩት የምታስመልሰውን ሴት፣ ከእሷ በላይ ደግሞ ከርከሮዋን ነው።

«ከርከሮ አብልቶናል!»

መስታወቱ ረገፈ። የተሰቀለው ሥጋ ከነሜንጦው ወርዶ አፈር ላይ ተረገጠ። ጋሼን በሽርጡ ጎትተው ጣሉት፤ ጫማ፣ ድንጋይ፣ የሣጥን ስባሪ ወረደበት። ያ ሲስቅ የነበረው ሾፌር እንኳ ጩኸቱን አምኖ የጋሼን ግራ እጅ መክተፊያው ግንድ ላይ ይዞ በሚዛን ብረት ቀጠቀጠው። የአጥንቱ ድምፅ በየቀኑ እዚያው ግንድ ላይ ከምሰማው ምንም አይለይም ነበር። ያኔ ጋሼ በቀኝ እጁ ቢላውን አገኘ። የሾፌሩ ሆድ ፊቱ ነበር። ክንዱ ከታች ሲነሳ አየሁ፤ ድገመው እያልኩ የለመንኩት ነገር ሊሆን ነው ብዬ ጮኽኩ።

ቢላውን ለቀቀው።

ለምን እንደለቀቀው በኋላ ስጠይቀው፣ «ሆዱን አየሁት፤ ቢከፈት ምን እንደሚወጣ ደግሞ እኔ አውቃለሁ» አለኝ።

ከማል መንገዱን በሩጫ አቋርጦ፣ «ዺሳ! ተዉት!» እያለ ሰዉን ገፈታትሮ ጋሼን ወደ ራሱ ሉካንዳ ጎተተው፤ እኔም ተከትዬ ገባሁ፤ እሱም የቆርቆሮ መዝጊያውን አወረደው። ድንጋዩ ቆርቆሮው ላይ እንደ በረዶ ይወርዳል። ከማል ከውስጥ ሆኖ «በሉ እኔንም ከርከሮ ሻጭ ነህ በሉኛ!» ብሎ ጮኸባቸው። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረ።

«አንተ ጅል፣ ፍየል ብትስል ምን ነበረበት?»

ጋሼ ደም ተፋና «ፍየል ምኑ ይሳላል?» አለው።

ሰዉ ሲበርድለት፣ ነገሩ ቀልድ እንደነበር ሲገባው አፈረ። ሽማግሌዎች ተላኩ። «አቶ ታምሩ፣ ያጠፋንብህን እንክሳለን። አንተም ሥዕሉን በኖራ አጥፋልንና በርህን ክፈት» አሉት። ሚስቱ እትዬ አልማዝ የኖራውን ባልዲ ራሷ ይዛ መጣች።

«አንተ ታምሩ፣ ለአንዲት አውሬ ብለህ ቤትህን ልትዘጋ ነው? በልጆችህ ሞት አጥፋት!»

ጋሼ የተጠቀለለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በቀኙ ብሩሹን ኖራው ውስጥ ነከረ። እትዬ አልማዝ እፎይ አለች። እሱም ወደ ግድግዳው ጠጋ አለና በክራንቻዋ ጫፍ ላይ አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር አሳርፎ ወደ ኋላው ፈቀቅ አለ።

«ነጭ አንሷት ነበር» አለ።

ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ሉካንዳዋ እንደገና አልተከፈተችም፤ ግድግዳውንም የቤቱ አከራይ ቆይቶ በኖራ አጠፋው። ጋሼ ወደ ላንጋኖ ወረደ። ዛሬ እዚያ መንገድ ዳር ሸራ ወጥሮ ከርከሮ፣ ጅብ፣ አሞራ ይሥላል፤ የማይዘረጋው ግራ እጁ የቀለም ጣሳ ለመያዝ ልክ ነው። እትዬ አልማዝ ሁለት ዓመት አኩርፋው ነበር፣ አሁን ሸራውን የምትወጥረው እሷ ናት። ተመችቷቸዋል አልልም።

ከዚያ ሁሉ እኔ ጋ የቀረው ዱላው አይደለም። አንድ ሰው የተሰበረ እጁ እየጠዘጠዘው፣ እንጀራው እየሄደ፣ ሥራው ምን እንደጎደለው ማየት መቻሉ ነው። እኔም በእሱ የተነሳ ነው ያለ አስተማሪ መሣል የጀመርኩት፤ ስለዚህ እናንተንም አልተዋችሁም። ዕድሜዬ አልፏል አትበሉ። ከተማ ዳር ውጡ፣ ማንም የማይወደውን አውሬ ምረጡ፣ እስኪለምዳችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ መጀመሪያ የአንገቱን ክብደት ያዙ፣ ዓይኑ ይቆያል። የመጀመሪያዬ ጅብ ቁርጥ ውሻ ሆኖብኝ ልቀደው ስል ጋሼ ከትከሻዬ በላይ አይቶ፣ «ውሻም ይናከሳል፤ ቀጥዪ» ብሎኛል። እናንተም ቀጥሉ።