የወፍ ቀለብ

ከአገር ልወጣ አንድ ሌሊት ሲቀረኝ እንኳ ቤታችን ሰው የተሰበሰበው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ጥቅምት ነበር፤ ማሽላው አፍርቷል። በሸዋሮቢት ቆላ በዚያ ሰሞን ግሪሳ ወፍ ወደ ማደሪያው ሳይገባ ከማሳው የሚነቃነቅ ሰው የለም። አባባ ከማማው ወርደው፣ ወንጭፋቸውን ትከሻቸው ላይ እንደጣሉ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ማሳቸው ከኛ ጋር የሚዋሰነው ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት፣ ሁለት እጄን ይዘው መረቁኝ።

«ሂጂ፤ ተምረሽ የነዚህን ወፎች መድኃኒት ይዘሽልን ነይ። ሌላ ምንም አንፈልግብሽም።»

«አሜን» አልኩ። ውሸቴን የጀመርኩት እዚያ ነው።

ለናንተ አልደብቅም፤ እኔ ወፎቹን ማጥፋት ፈልጌ አላውቅም። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ማማ ላይ ወጥቼ ማሽላ ስጠብቅ፣ ያ ሁሉ ወፍ ያለ አዛዥ፣ አንዱ ካንዱ ሳይጋጭ፣ እንዴት ባንዴ እንደሚዞር እያየሁ ወንጭፉን እረሳው ነበር። አባባ ከታች ሆነው ይቆጡኛል። «አንቺ ልጅ፣ ልትጠብቂ ነው ወይስ ልታዪ የወጣሽው?»

ጎህ ሲቀድ አስፋልት ድረስ የሸኘኝ ወንድሜ ብቻ ነው፤ ወፎቹም ጎህ ሲቀድ ይነሳሉና። ከጀውሃ የመጣው ሚኒባስ በማሳችን በኩል ሲያልፍ አባባ ማማው ላይ ቆመው ሲወነጭፉ አየኋቸው። ዞር አላሉም። ደብረ ሲና እስክንደርስ አለቀስኩ።

ለቪዛ የጠየቀኝ የኤምባሲ ሰው «ይህ ጥናት ለአገርሽ ምን ይረባል?» ሲለኝ «ሰብል ያድናል» ብዬው ነበር። ማኅተሙን መታልኝ። ጀርመን ስደርስ ደግሞ ፕሮፌሰሬ «ሰብል ማዳን ከሆነ ሐሳብሽ ሌላ ክፍል ልላክሽ፤ እኛ የምናጠናው የወፎችን አዟዟር ብቻ ነው» አለኝ። መሄድ እችል ነበር። እዚያው ቀረሁ።

ብርዱን ተዉት። ሸዋሮቢት ጥላ ለጥላ ስሄድ ያደግሁት እኔ፣ እዚህ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ወንበር ይዤ እከተላታለሁ። ማንጎ አንድ በአንድ በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ ሲበሉት ግን ወረቀቱ ሳይሻል አይቀርም። አንድ ቀን አሮጊቷ አከራዬ፣ ለጥናት የማዳምጠው የወፍ ጫጫታ ረብሿት በሬን አንኳኳች።

«ውሉ እንስሳ አይፈቀድም ይላል። ስንት ወፍ ነው ያለሽ?»

«አንድ ሚሊዮን ይሆናሉ። ኮምፒውተር ውስጥ።»

ያመነችኝ አልጋዬ ሥር ጎንበስ ብላ ካየች በኋላ ነው። ብርዱ ሲበረታ ራሷ መጥታ መስኮቴ ላይ በመረብ የተቋጠረ እህል ሰቀለች። ፎግልፉተር ይሉታል፤ የወፍ ቀለብ። ለአባባ በስልክ ነገርኳቸው።

«ገዝተው?»

«ገዝተው፣ አባባ።»

«ለወፍ?» አሉና ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን ሆድ ባሰኝ።

በደወልኩ ቁጥር እትዬ አስካለ ስልኩን ይቀበሉና «መድኃኒቱ ደረሰ ወይ?» ይሉኛል። «እየደረሰ ነው» እላቸዋለሁ። አምስት ዓመት እንዲህ አልኩ።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ ወንድሜ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ፤ አባባ በሱ ስልክ የቀረጹት ነው። ወፎቹ ከማማው በላይ ይጠቀለላሉ፣ ይዘረጋሉ፣ ይዞራሉ፣ ከዚያ ማሽላው ላይ ይወርዳሉ። ከሥር ሆኖ እንዲህ አድርጎ የቀረጸ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። በደስታ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። የወንጭፍ ድምፅ እንደሌለው ያስተዋልኩት ከዚያ በኋላ ነው። የሚሰማው የአባባ ትንፋሽ ብቻ ነው።

ወዲያው ደወልኩ።

«አባባ፣ ለምን አላባረሯቸውም?»

«ባባርራቸው ኖሮ ምኑን ታዪው ነበር?»

«አባባ፣ እኔ መድኃኒት እየፈለግሁ አይደለም። ፈልጌም አላውቅም። የማጠናው አዟዟራቸውን ነው።»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «እኔ አይደለሁ ያሳደግሁሽ? እስቲ አንድ ቀን አንቺ በምታዪበት ዓይን ልያቸው ብዬ ነው። ለካስ ያምራሉ።»

እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ማሳውስ እንዴት ሆነ አልኳቸው።

«የኛ ግማሹ ተርፏል። ያን ጊዜ ዞር ብለው የወረዱት አስካለ ማሳ ላይ ነው። እሷ ወፍጮ ቤት ሄዳ ነበር፤ እኔን አደራ ብላ።»

መስኮቴ ላይ የአከራዬ ወፎች ቀለባቸውን ይለቅማሉ።

«እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣለች» አሉ አባባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። አንቺ አናግሪያት፤ እኔ ምን እንደምላት አላውቅም።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ይሰማኛል።

«የኔ ልጅ» አሉ እትዬ አስካለ። «ደረሰ ወይ?»