በዝናሽ ቁጥር የጫንኩት ሥራ

ይህን እስከ ትናንት ድረስ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም። ስትሰሙኝ አትዘኑልኝ።

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለች አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ገና የሙከራ ጊዜዬ ላይ ነበርኩ። ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ መመዝገቢያ እንሠራለን። እያንዳንዱ ሥራ ቲኬት የምንለው የሥራ ማዘዣ ቁጥር አለው፤ ቲኬቱ ካልጸደቀ ሥራው የክሊኒኩ ኮምፒውተር ላይ አይጫንም። ሲጫን ሲስተሙ ሥራውን ከቲኬቱ ጋር ያያይዘዋል። ሁላችንም የምንጭነው በአንድ የጋራ አካውንት ስለነበር የማን ሥራ እንደሆነ የሚታወቀው በቁጥሩ ብቻ ነው።

የእኔ ቲኬት አልጸደቀም ነበር። ቀልጣፋ ለመባል ቸኮልኩ እንጂ ሌላ ምን አስቸኮለኝ? ሥራ ያስተማረችኝን የባልደረባዬን የዝናሽን የጸደቀ ቁጥር ጻፍኩና ሥራዬን ጫንኩ። ሥራዬ ስህተት ነበረበትና በማግስቱ የሳምንት ቀጠሮ ድራሹ ጠፋ። ከመካነ ብርሃን ድረስ የመጡ አንዲት እናት ስምዎ የለም ተብለው ተመለሱ።

ዝናሽ እኔ አልጫንኩም አለች። ሥራ አስኪያጁ፣ ሲስተሙ በስህተት አያይዞት እንደሆነ አጣራ ብሎ ለማን ሰጠው? ለእኔው! ሁለት ቀን ሙሉ የማውቀውን ነገር ስፈልግ ዋልኩ። ከዚያ በገዛ እጄ «የተያያዘው በትክክል ነው» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። በዚያች አንድ መስመር ዝናሽ ሊሰጣት የነበረውን የቡድን መሪነት አጣች።

እሷ ግን የተጫነውን አይታ የእኔ ሥራ መሆኑን አውቃለች። አሠራሬን ያስተማረችኝ ራሷ አይደለችም እንዴ? ብቻዬን ስሆን ጠብቃ መጣችና ቀስ ብላ፣ «አሁን ብናገር ያባርሩሃል። ሙከራህ ሲያልቅ ራስህ ትነግራቸዋለህ» አለችኝ።

ሙከራዬ አለቀ፤ አልተናገርኩም። ቋሚ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ልጅ ወለድኩ፤ አልተናገርኩም። እሷም አንድ ቀን እንኳ ምነው ዝም አልክ አላለችኝም። ሥራ ሲያስቸግረኝ እንደ ድሮው ወንበሯን ስባ አጠገቤ ትቀመጣለች። ቤቴ የቆመው በእሷ ዝምታ ነው። እግዜር ይስጥሽ ለማለት እንኳ አፍራለሁ፤ ግን እላለሁ፣ እግዜር ይስጥሽ ዝናሽ።

ያኔ ፈርቼ ነው ልል እችላለሁ። ከዚያ ወዲህ ላሉት ዓመታትስ ምን ልበል?

ትናንት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ፤ ዝናሽንም አስጠራኋት። ቁጥር ተሳስቼ ነበር አላልኩም። እኔ ዋሸሁባት፣ እሷ አኖረችኝ ነው ያልኩት።